ጋቢ የለበሰው ኤርፎን

«ምህረት! ኧረ ምህረት! የጆሮ ሐኪምሽ ሊመጣልሽ ነው!»

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ መናኸሪያው አጠገብ፣ እንዲህ ብላ የጮኸችው ሙዝ ሻጯ እትዬ አበራሽ ናት። እትዬ አበራሽ ወሬ ስትነግር ለአንድ ሰው ብቻ ነግራ አታውቅም፤ ከመንገዱ ማዶ ያለውም ድርሻ አለው። ሦስት የባጃጅ ሾፌሮች ዞር ብለው ጆሮዬን አዩት። የታመምኩ መስሏቸው ነው።

«የቱ ሐኪም?» አልኳት። ማን እንደሆነ አውቄያለሁ። እንደገና እንድትለው ስለፈለግኩ ነው።

«ጋሽ ሸምሱ ነዋ! ቅዳሜ ይገባሉ። የወንድማቸው ልጅ በስልክ ስታወራ በዚህ ጆሮዬ ሰማሁ።»

ለማረጋገጥ ወደ ሱቃቸው ሮጥኩ። አሁን ሱቁን የያዘችው የወንድማቸው ልጅ ገና ሳልጠይቃት ሳቀች። «እውነት ነው። ከዙሁር ሶላት በኋላ በረንዳው ላይ እቀመጣለሁ ብለዋል። የጎማ ቆርቆሮዬን እንዳትጥይብኝም ብለዋል።»

ከሲቀላ ወደ ሰፈራችን ሴቻ በሚወጣው ታክሲ ውስጥ ዳገቱን እስክንጨርስ ፊቴን መሰብሰብ አልቻልኩም። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ «ፈተና አለፍሽ እንዴ ልጄ?» አሉኝ። «ከዚያ ይበልጣል» አልኳቸው። ቤት እንደገባሁ ለእናቴ ነገርኳት፤ እሷም ወዲያው ተነሥታ ሳጥን ከፈተች። ከሳጥኑ ምን እንዳወጣች መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ጋሽ ሸምሱ ማን እንደሆኑ ማወቅ አለባችሁ።

ጋሽ ሸምሱ ከአርባ ምንጭ ከሄዱ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። አሁን ወራቤ ልጃቸው ጋ ነው የሚኖሩት። እዚህ ሳሉ የሚሠሩባት ሱቅ አንድ ኮንቴይነር ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ነበረች። በሌላው ግማሽ የፕላስቲክ ጫማ ይሸጣል። እሳቸው ጋ ከላይ በተወጠረ ሽቦ ላይ ኤርፎኖች ተንጠልጥለዋል፤ ረጅም ሰው ከገባ ፊቱን ይዳብሱታል። ሌሎቹ ሱቆች ላይ ያለውን ማስታወቂያ ታውቁታላችሁ፤ ከፍቶ ማየት ክልክል ነው፣ መንካት ክልክል ነው፣ የተሸጠ አይመለስም። የእሳቸው ካርቶን ላይ በማርከር የተጻፈው ግን እንዲህ ይላል፦ «ሳያዳምጡ መግዛት ክልክል ነው»።

ቀልድ የመሰለው ይስቃል። ቀልድ አልነበረም። ቸኩሎ «አንዱን ስጡኝና ልሂድ» ያለ ሰው ባዶ እጁን ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቀጭን ሰው ናቸው፤ ጢማቸው ነጭ፣ ቆባቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመታጠቡ የተነሣ ቀለሙ የማይታወቅ። ሰው ሲገባ ፊቱን አያዩም፣ ጆሮውን ነው የሚያዩት። ስምም አይዙም። አንዱ ደንበኛቸው «ሰፊው» ነው፣ አንዷ «ባለ ጉትቻዋ» ናት። እኔ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ግራ ጠባብ» ነኝ። ሊያዳምጡ ሲሉ ሁለት ጣታቸውን ከጆሯቸው ኋላ ያስጠጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያኔ የፈለገ ሰው ቢመጣ ይጠብቃል እንጂ አያናግሩትም።

ከባንኮኒው ሥር የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አለ። ውስጡ ኤርፎን ጫፍ ላይ የሚደረጉ ትንንሽ ጎማዎች ሞልተውበታል። ኤርፎን ሲሞት ገመዱን ይጥላሉ፣ ጎማውን ግን አጥበው ያስቀምጣሉ። ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ አንድ ሮዝም ነበር። «ሰው ኤርፎን ሲገዛ ገመድ የገዛ ይመስለዋል» ይላሉ። «የሚገዛው ጎማውን ነው።»

አንድ ቀን አንድ የባጃጅ ሾፌር ሲገባ እዚያው ነበርኩ።

«ጋሼ፣ ቤዙ የሚደበድብ ኤርፎን አለ?»

«ማንን እንዲደበድብልህ ነው?»

«አይ፣ ማለቴ ልብ የሚያንቀጠቅጥ።»

«ልብህ አሁን ቆሟል?»

«አልቆመም።»

«እንግዲያው ሥራውን ለልብህ ተውለት። በል ቁጭ በልና ጆሮህን ስጠኝ።»

ልጁ እየሳቀ ተቀመጠ። ሩብ ሰዓት ያህል ጎማ ሲቀያይሩለት ቆዩ። በመጨረሻ ሲሰጡት «እየነዳህ አድርገኸው ካየሁህ ግን ከጆሮህ ነቅዬ ነው የምወስደው» አሉት። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ በዚያ በኩል ሲያልፍ ባዶ ጆሮውን በጣቱ እያሳያቸው ነበር የሚያልፈው።

እኔ እንዴት እሳቸው ጋ እንደደረስኩ ልንገራችሁ። ነገሩ የሚጀምረው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው።

አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ከጨንቻ በላይ የሚኖር ሸማኔ ነበር። እኔ ስወለድ እሱ የለም። ፎቶው ቤታችን አለ፤ ድምፁን ግን ሰምቼው አላውቅም። ያለን አንድ ካሴት ነው። በአንድ መስቀል አጎቴ ቴፕ ይዞ ወጥቶ ግቢው ውስጥ የተዘፈነውን ቀድቶታል። በኋላ ካሴቱ እንዳይበላሽ ሲቀላ አስገልብጠን ሚሞሪ ላይ ሆነ።

የጋሞ ዘፈን አንድ ሰው ብቻውን የሚወጣው አይደለም። አንዱ ያነሣል፣ ሌላው ከላይ ይወስደዋል፣ ሌሎች ከመሃል ይገባሉ። ከሁሉም በታች ደግሞ ቃል ሳይናገር ወፍራም ድምፁን ዘርግቶ የሚይዝ አለ። እናቴ እንደምትለው አያቴ ያ ነበር።

ችግሩ፣ ማንም አይሰማውም። በስልክም፣ በቴሌቪዥንም፣ በጎረቤት ስፒከርም ሞከርን፤ ከታች ምንም የለም። ሁሌ ለመስቀል ዘመድ ሲሰበሰብ እናቴ ትከፍተውና «አባቴ አለበት፣ ስሙት» ትላለች። አጎቴ ደግሞ «የለበትም!» ይላል። «የዚያን ዕለት ታሞ ቤት ውስጥ ተኝቷል። የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ እኔ አላውቅም?» እናቴ «አለበት» ትላለች፣ አጎቴ «የለበትም» ይላል፤ ቡላውም ክትፎውም በዚህ መሃል ይቀዘቅዛል።

እኔ ዘጠነኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ግን አጎቴ «የለበትም» ሲል እናቴ ዝም አለች። ሚሞሪውን አውልቃ ሳጥን ውስጥ አስገባችው። ሲጨቃጨቁ እኔ እስቅ ነበር። ዝምታዋን ግን አልቻልኩትም።

ቤታችን ሕግ አለ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ሳልጨርስ ስልክ የለም። በስልክ ፋንታ ስምንተኛ ክፍልን ሳልፍ ኤምፒ ስሪ ተሸልሜያለሁ፤ የክብሪት ቤት የምታክል፣ ሚሞሪ የምትበላ። ኤርፎንም አብሮ መጥቶላታል። የኤርፎኑ ጎማ ጆሮዬን ሲያሳክከኝ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ የሸማኔ ልጅ ናት፤ እጇ ያለ እንዝርት አይቀመጥም። ጎማዎቹን ነቅላ ጣለቻቸው። ጫፎቹን በተባዘተ ጥጥ ጠቀለለቻቸው፣ ከላዩ ራሷ በፈተለችው ቀጭን ክር አሠረቻቸው። ሥራዋ እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ! የጎረቤት ልጆች አይተው የነሱንም አመጡላት። ሰፈራችን ውስጥ አራት ኤርፎኖች የእናቴን ጥጥ ለብሰዋል።

ያንን ኤርፎን ይዤ ነው ሚሞሪውን ከሳጥኑ በድብቅ አውጥቼ ዘፈኑን የሰማሁት። ከላይ ያለው ሁሉ አለ። ከታች ባዶ ነው። ልጆች «ቤዝ ያለው ኤርፎን ያስፈልግሻል፣ ጋሽ ሸምሱ ጋ ሂጂ» አሉኝ። ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ቤዙ ጥሩ የሆነ ኤርፎን ፈልጌ ነበር። ለኤምፒ ስሪ።»

«ያለሽን አሳዪኝ።»

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ወደ ብርሃን አዞሩት። ብዙ ቆዩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኤርፎን።»

«ኤርፎንስ ኤርፎን ነው። የለበሰው ምንድን ነው?»

«ጥጥ ነው። እናቴ ናት ያለበሰችው።»

«በርዶት ነው?»

እትዬ አበራሽ ከውጭ አንገቷን አስገባች። «ምንድን ነው የለበሰው?»

«ጋቢ!» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «ኤርፎኑ ጋቢ ለብሶ መጥቷል!»

እትዬ አበራሽ ይህን ከሰማች በኋላ ምን እንደሆነ መገመት ትችላላችሁ። ወደ ምዕራብ ዓባያ ለሚሄደው መኪና ተሳፋሪ የሚጠሩት ሳይቀሩ ሊያዩት መጡ። ፊቴ ሳይሆን ጆሮዬ ነው መሰለኝ የቀላው፤ ምክንያቱም ጋሽ ሸምሱ አዩና ወዲያው ሳቃቸውን አቆሙ። ሰዎቹን በእጃቸው ገፉልኝ። ከዚያ ክሩን በጥፍራቸው ቀስ ብለው ነክተው እንዲህ አሉ፦

«ሥራው ግሩም ነው። እንዲህ ያለ ቀጭን ክር ካየሁ ቆየሁ። ቦታው ብቻ ነው የተሳሳተው።»

ከዚያ አስረዱኝ። ቀጭን ድምፅ በጥጥም፣ በምንም ሾልኮ ይገባል አሉኝ። ወፍራም ድምፅ ግን ክፍተት አይወድም፤ ጆሮ በደንብ ካልተዘጋ ውጭ ይቀራል። የፈለገ ውድ ኤርፎን ቢሆን ጎማው ልክሽ ካልሆነ ቤዙ ያንቺ አይደለም። ይህን ሲሉ አንድ ኤርፎን ከሽቦው አውርደው ጆሮዬ ውስጥ አደረጉልኝ። ገመዱ ምንም ነገር ላይ አልተሰካም።

«አሁን አፍሽን ዘግተሽ እምምም በይ።»

«ሰው እያየኝ?»

«ሰው አይደለም የሚያዳምጠው፤ አንቺ ነሽ።»

እምምም አልኩ። በቀኝ ጆሮዬ በኩል ድምፄ ግዙፍ ሆነ፤ በርሜል ውስጥ የገባሁ መሰለኝ! በግራ በኩል ግን ያው የኔው ተራ ድምፅ ነው።

«በግራ አልመጣም አይደል?»

«እንዴት አወቁ?»

«አንገትሽን ወደ ቀኝ አዘነበልሽ። ግራሽ ጠባብ ነው። ሁለቱ ጆሮ እኩል ነው ያለሽ ማን ነው?» ቆርቆሮውን አንኳኩተው ከውስጡ ትንሿን ጎማ አወጡ። ለግራ ትንሽ፣ ለቀኝ መካከለኛ። እምምም። አሁን በሁለቱም በርሜል ሆነ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ይዤው የኖርኩት ጆሮ የተዛነፈ መሆኑን የነገረኝ ሰው እሳቸው ናቸው፤ ደግሞ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ደስ አለኝ።

«ምን ልትሰሚበት ነው?»

«ዘፈን።»

«ዘፈንማ ሁሉም ዘፈን ነው። የትኛውን?»

ነገርኳቸው። ሚሞሪውን፣ እናቴን፣ አጎቴን፣ የዚያን ዓመቱን ዝምታ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ የሚሸጥ ያልሆነ፣ ከመሳቢያቸው ያለ የራሳቸውን ኤርፎን ሰክተው፣ ሁለት ጣታቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ዘፈኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳመጡት። ጋሞኛ አይችሉም። ሁለት ደንበኞች መጥተው ጠብቀው ሄዱ። ሲጨርሱ ሚሞሪውን አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

«አያቴ አለ?»

«ቅዳሜ ነይ።»

ቅዳሜ ሄድኩ። ሳጥኑ ላይ የእሳት ነበልባል የተሳለበት ቀይ ኤርፎን ሰጡኝ። ስከፍተው ጭንቅላቴ ተናጋ። «ይሄ ነው! ቤዝ ማለት ይሄ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ኤርፎን አድርጎ የሚያወራ ሰው እንደሚጮህ ያኔ አላውቅም ነበር።

«አያትሽስ?» አሉኝ በእጃቸው ጭምር።

አዳመጥኩ። የጨፋሪዎቹ እግር መሬት ሲመታ ድምድም ይላል፤ ድምድምታው ሰዎቹን ሁሉ ውጧቸዋል። እንኳን የታቹን የላዩንም መለየት አልቻልኩም።

«እግራቸውን ሰምተሽ ነው የምትመለሺው» አሉ። «ቤዝ ሲያንስ ሰው ይጠፋል፣ ሲበዛም ሰው ይጠፋል። ይሄ ቀዩ ለሰፊው ይሆናል። ቅዳሜ ነይ።»

በሁለተኛው ቅዳሜ የሰጡኝ ነጭ ነበር፤ በጣም የጠራ። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ይሰማል። እልልታው፣ የሚስቅ ልጅ፣ እንዲያውም ከሩቅ ዶሮ።

«ዶሮ ሁሉ ይሰማል!»

«ዶሮ አለ?»

«አለ!»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሁለቴ ጮኸ እኮ።»

«እንኳን ደስ አለሽ» አሉ። «አያትሽስ?»

አያቴ አልነበረም። «ቅዳሜ» አሉኝ። እኔም ራሴ «ቅዳሜ» አልኩ፤ ለምጄዋለሁ።

ለሦስተኛው ቅዳሜ ያዘጋጁልኝን ሳይ ልመለስ ምንም አልቀረኝም። ቢጫ ነው። ደማቅ፣ የሚያፍር ሰው የማይደፍረው ቢጫ። ሳጥን የለው፣ ስም የለው። እትዬ አበራሽ አየችውና «ቀለሙን ከኔ ሙዝ ነው የሰረቁት!» አለች።

«ጋሼ፣ ቀዩ ይሻላል።»

«ጆሮሽ ቀለም አያይም።»

ለግራ ትንሽ፣ ለቀኝ መካከለኛ፣ እምምም፣ ከዚያ ዘፈኑ። አንዱ አነሣ፣ ሌላው ከላይ ወሰደው፣ ሌሎቹ ገቡ። እግሮቹ አሉ፤ ግን እግር ብቻ ናቸው፣ ማንንም አይረግጡም። ከዚያ በታች... የሆነ ነገር አለ። ትንፋሼን ያዝኩ። አንድ ድምፅ ከሁሉ ሥር ተዘርግቷል፤ ቃል የለውም፣ አይቸኩልም።

«ሰው አለ» አልኩ።

«ማን ነው?»

ማን እንደሆነ ከየት አውቃለሁ? ድምፁን ሰምቼው አላውቅም።

«አላውቅም» አልኩ። ማልቀስ የቃጣኝ ያኔ ብቻ ነው።

ጋሽ ሸምሱ ግን ደስ ያላቸው ነው የሚመስሉት። «ጎሽ። አላውቅም ካልሽ መስማት ጀምረሻል። እንግዲያው የሚያውቅ ሰው አምጪልኝ።»

እናቴን ከሴቻ ማውረድ ቀላል አልነበረም። ሚሞሪውን መስረቄ አንድ ነገር ነው። ከዚያ የባሰው ግን የጋቢው ወሬ በእትዬ አበራሽ በኩል ዳገቱን ወጥቶ እሷ ጋ ደርሷል። አራተኛው ቅዳሜ ሱቁ በር ላይ ስትቆም ነጠላዋን እንኳ አላስተካከለችም።

«ኤርፎኑ ጋቢ ለበሰ ያሉት እርስዎ ነዎት?»

እትዬ አበራሽ ሙዟን ትታ ቀረበች።

ጋሽ ሸምሱ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ለደንበኛ ሲነሡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «እኔ ነኝ እህቴ። ክሩን የፈተሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ!»

«ከእንዲህ ያለ ክር የተሠራ ጋቢ ለብሼ አላውቅም። ኤርፎኑ ቀደመኝ።»

እናቴ ለጥል የያዘችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። ተቀመጠች። ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጥ አደረገች፤ ጋሽ ሸምሱ የእሷን ልክ ፈለጉላት፤ በሁለቱም በኩል ትልቁ ሆነ። ከዚያ «እምምም ይበሉ» ሲሏት ወደኔ ዞራ በጋሞኛ ስለ ሰውየው ጤንነት ጠየቀችኝ። በአማርኛ ደግሞ «ገበያ መሃል እንደ ንብ?» አለች።

እኔ ጀመርኩላት። እትዬ አበራሽ ተቀበለችኝ፤ የሷማ መናኸሪያው ድረስ ይሰማል። ጋሽ ሸምሱም ገቡበት። ሦስታችንም እንደ ንብ እምምም ስንል እናቴ መሳቋን መቆጣጠር አቃታት፣ በሳቋ መሃልም እምምም አለች። ዓይኗ ፈጠጠ። ጋሽ ሸምሱ ዘፈኑን ከፈቱት።

እናቴ መጀመሪያ መሬት መሬቱን አየች። ከዚያ ምንም አላየችም። እጇ ጭኗ ላይ ሆኖ ጣቶቿ ክር የሚያጠብቁ ይመስል ይንቀሳቀሳሉ። ዘፈኑ አለቀ።

«ይድገሙልኝ» አለች።

ደገሙላት። በዚህኛው እሷም ማንም ሳያዛት ከታች አብራ ያዘች፤ እምምም። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ጣቷን ወደ ላይ አነሣች። «እዚህ ጋ! ይመልሱት፣ እዚህ ጋ!» የግራውን ኤርፎን ነቅላ ወደኔ ዘረጋችው። ጋሽ ሸምሱ ከመሃል ተቀብለው ትልቁን ጎማ በትንሿ ለውጠው ሰጡኝ።

ሰማሁ። ያ የታች ድምፅ ተዘርግቶ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ድንገት ይቆረጣል። አንዲት ደረቅ ሳል አለች። ትንሽ ባዶ። ከዚያ ልክ የተወበት ቦታ ላይ ተመልሶ ይይዛል፤ ሸማኔ የተበጠሰ ድር ቋጥሮ እንደሚቀጥለው።

«ታሞ ነበር» አለች እናቴ። «ወንድሜ ልክ ነው፤ ታሞ ነበር። ታሞ ነው የወጣው።»

አጎቴ ምዕራብ ዓባያ ነው የሚሠራው። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣ፣ አላምንም እያለ። ጎማ ተለካለት፣ እምምም አስባሉት፣ ቢጫውን ኤርፎን አደረገ። ሳሏ ጋ ሲደርስ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ኤርፎን እንዳደረገ፣ ሲቀላን በሙሉ በሚያሰማ ድምፅ ጮኸ፦

«ሳሉ! ሳሉን አውቀዋለሁ! ይሄ የአባቴ ሳል ነው!»

የፕላስቲክ ጫማ ሻጩ ተሯሩጦ መጣ፤ ሰው የታመመ መስሎት ነው።

ከዚያ እናቴና አጎቴ እንደገና ጀመሩ። «ታሞ ነበር አላልኩም?» «ዘፍኗል አላልኩም?» «ታሞ ነበር!» «ዘፍኗል!» ሁለቱም ልክ ሆነው ሲጨቃጨቁ እንደማየት የሚያስደስት ነገር የለም።

እኔ ግን አንድ ነገር ቆርቁሮኝ ስለነበር ወደ ጋሽ ሸምሱ ጠጋ አልኩ። «ጋሼ፣ የመጀመሪያው ቀን ሰምተውት ነበር?»

«ሰምቼዋለሁ። ከነሳሉ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ሦስት ቅዳሜ ሙሉ!»

«አለ ብልሽ ኖሮ የኔን ጆሮ ይዘሽ ነበር ቤትሽ የምትገቢው። አንቺ ታምኚኝ ይሆናል። አጎትሽስ?» በአገጫቸው ወደሱ አመለከቱኝ። አጎቴ ለአራተኛ ጊዜ እየሰማው ነበር።

እውነቱን ሁሉ ያወቅኩት ግን ወደ ወራቤ ሊሄዱ ሲሉ ነው። እትዬ አበራሽ ሁልጊዜ «ጋሽ ሸምሱ፣ ስልክ!» ብላ ስትጮህ እሰማ ነበር፤ እኔ ለሥራቸው ሲሉ የሚተዉት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። አይሰሙትም። «ቀጭኑ ድምፅ ከኔ ከተለየ ዓመታት አለፉ» አሉኝ ለወንድማቸው ልጅ የሚተዉትን ቆርቆሮ እያሸጉ። «የስልክ ጥሪ፣ የወፍ፣ የልጅ ልጆቼ ሹክሹክታ። ወፍራሙ ግን አልተለየኝም። ግማሹን ብቻ የሚሰማ ሰው ለደንበኛ 'ይሄ ጥሩ ነው' ማለት ይችላል? ራሱ ይስማ እንጂ።»

ያ የካርቶን ማስታወቂያ ያኔ ነው የገባኝ። ዶሮውም ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። «እርግጠኛ ነሽ?» ሲሉኝ እየቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ዶሮ መኖሩን የነገርኳቸው እኔ ነበርኩ።

ቢጫው ኤርፎን እስካሁን ይሠራል፤ ገመዱ ላይ ሁለት ቦታ ፕላስተር አለው። ክፍሌ ውስጥ ኤርፎን የሚገዛ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ እኔ ጋ መጥቶ እምምም ይላል፤ አስተማሪዎቻችን ምን እንደነካን አያውቁም። ዘንድሮ ለመስቀል አጎቴ ራሱ ነው «ክፈቱት» ያለው። ሁሉም በየተራ ሰማው። ክትፎው ቀዘቀዘ፤ ማንም አላዘነም።

አሁን ስለ ሳጥኑ። እናቴ ሐሙስ ዕለት ከሳጥኑ ያወጣችው ጋቢ ነው። ክሩን የፈተለችው እሷ ናት፣ ጋሽ ሸምሱ ከሄዱ ወዲህ ማታ ማታ ሳይሆን ጠዋት ጠዋት፣ ብርሃን ሳለ፣ በጣም ቀጭን እንዲሆን ብላ። የሸመነው ጨንቻ የአያቴ ዘመድ ነው። ወራቤ የሚያደርስላት ታማኝ ሰው ስታጣ ቆይታ ነበር። «ቦታው ተሳስቷል ብለው ነበር» አለች፣ የጋቢውን ትከሻ በእጇ እየለካች። «አሁን ቦታውን አገኘሁለት።»

እናንተም ኑ። ነገ ቅዳሜ፣ ከዙሁር በኋላ፣ ሲቀላ መናኸሪያው አጠገብ፣ ከእትዬ አበራሽ ሙዝ ቀጥሎ ያለው በረንዳ። ብትጠፉ ድምፅዋን ተከተሉ። የሞተ የመሰላችሁን ኤርፎን አትጣሉት፣ ይዛችሁት ኑ። «የለበትም» የተባለ ሰው ያለበት የድሮ ቅጂ ቤታችሁ ካለ እሱንም አምጡት፤ ድምፁን የሚያውቅ ሰውም አብሮ ይምጣ። መምጣት የማትችሉ ደግሞ እዚያው ባላችሁበት ኤርፎናችሁን አድርጉ፣ ምንም አትክፈቱ፣ እምምም በሉ። ድምፃችሁ በርሜል ከሆነ ተሳክቶላችኋል። በአንድ በኩል ከቀረባችሁ ግን አትደንግጡ፤ እንደኔው ግራችሁ ጠባብ ነው ማለት ነው። ኑ፣ ከቆርቆሮው ውስጥ ልካችሁ አይጠፋም።